ከዳቦው ነው ወይስ ከጥይቱ?

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡና እየተፈላ ያለበት ቤት ያላችሁ ቡናው እስኪደርስ አንብቡት፤ ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። ዛሬ የቆየ ዕዳ ልከፍል ነው።

ዕዳው የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ታህሳስ 10 ቀን የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይናው ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ ወደ ህዋ ወጣች። ዕለቱ አርብ ነበር። ሰኞ 11ኛ ክፍል ስገባ ተማሪው ለሁለት ተከፍሎ ይጨቃጨቃል። ግማሹ «ኩራታችን ናት» ይላል፤ ግማሹ «ዳቦ ሳንጠግብ ምን ሳተላይት ነው?» ይላል። እኔም እንደ ዳኛ መሀል ቆሜ አንዱን ሳስቀጥል አንዱን ዝም ሳሰኝ፣ ከኋላ ወንበር ብዙ የማትናገር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሁሌ ዳቦ ወይስ ሳተላይት ይባላል። የጥይቱ ብር ግን ለምንድን ነው አብሮ የማይቆጠረው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፣ መጽሐፋችሁን አውጡ» ብዬ አለፍኩ። መልሱን ስለማላውቅ ነው እንጂ ጥያቄው ትንሽ ስለሆነ አልነበረም። ከዚያ መጋቢት ላይ ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ጦርነቱ ተጀመረ። የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም።

ባለፈው ወር ያቺ ልጅ መልእክት ላከችልኝ። አሁን ነርስ ናት፤ ከከተማ ራቅ ያለ ቦታ ነው የምትሠራው። «ቲቸር፣ መድኃኒት ባለቀ ቁጥር ያቺ የጠየቅኩዎት ጥያቄ ትመጣብኛለች። መልሷን አገኙት?» ነው የምትለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ካላላችሁኝ፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእሷ ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የሮኬትም የኢኮኖሚም ሊቅ አይደለሁም። ስለዚህ የምመልሰው በማውቀው በታሪክ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ሰው ወደ ህዋ የሄደበት ሮኬት አባቱ የጦር መሣሪያ ነው። የጀርመኑ ቪ-2 ሚሳኤል ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካ በረራ ያደረገው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1942 ነው። ከዚያ ለንደንና አንትወርፕ ላይ ዘነበ። ሚሳኤሉን ከመሬት በታች በተቆፈረ ፋብሪካ ውስጥ እንዲገጣጥሙ የተደረጉት የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች የሚሉት አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከብደኛል፦ በቪ-2 ተመትቶ ከሞተው ሰው ይልቅ እሱን ሲሠራ የሞተው ይበልጣል። ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖቹ ዋናውን መሐንዲስ ቬርነር ፎን ብራውንን ከነባልደረቦቹ ወሰዷቸው። ሶቪየቶችም የተረፈውን ሰውና ዕቃ ሰበሰቡ። ያቺን ሁላችንም በልጅነታችን በጥያቄና መልስ የምናውቃትን «የመጀመሪያዋ ሳተላይት» ስፑትኒክን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 ያወጣት አር-7 የተባለው ሮኬትም ቢሆን መጀመሪያ የተሠራው የኑክሌር ቦምብ ተሸክሞ አሜሪካ እንዲደርስ ነው። ስፑትኒክ 84 ኪሎ እንኳ አትሞላም። ዓለምን ያስደነገጠችው ግን እሷ ሳትሆን ከስር የተሸከማት ሮኬት ነው። 84 ኪሎ ኳስ ወደ ህዋ የወረወረ ክንድ ቦምብም ይወረውራላ!

እዚህ ላይ የምወደው ሰው አለ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር። ሰውየው ጄኔራል ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲን ዘመቻ የመራ። ስለ ጦር መሣሪያ ዋጋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1953 ባደረገው ንግግር ያለውን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፦ የሚሠራ እያንዳንዱ ጠመንጃ፣ የሚተኮስ እያንዳንዱ ሮኬት በመጨረሻ ከተራበውና ከታረዘው ሰው ላይ የተሰረቀ ነው አለ። ዝም ብሎ አልተቀኘም፣ ሂሳብ ነው ያወጣው። የአንድ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ከ30 በሚበልጡ ከተሞች አንድ አንድ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ያሠራል አለ። ወይም ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫ። ወይም ሁለት የተሟላ ሆስፒታል። ልብ በሉ፣ እዚህ ሂሳብ ውስጥ ዳቦውና ጥይቱ ፊት ለፊት ነው የቆሙት። ስፑትኒክ ስትመጣም ይሄው ሰውዬ የህዋውን ሥራ ለወታደሮቹ ጠቅልሎ አልሰጠም፤ በ1958 ናሳን የሲቪል መሥሪያ ቤት አድርጎ አቋቋመው። ቅዱስ አላደርገውም። በጓሮ በኩል ኮሮና የሚባለውን የስለላ ሳተላይት በምስጢር ያሠራ የነበረው እሱው ነው። (አዎ፣ ስሙ ኮሮና ነው።) በ1960 ነሐሴ ከህዋ የተነሳ የመጀመሪያው የስለላ ፊልም በፓራሹት ወረደለት።

ከዚያ ኬኔዲ መጣ። ጋጋሪን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1961 ህዋ በወጣ በስድስተኛው ሳምንት ኬኔዲ ኮንግረስ ፊት ቆሞ «አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ሰው ጨረቃ ላይ እናወርዳለን» ብሎ ቃል ገባ። በቀጣዩ ዓመት ሂውስተን ላይ ሲናገር የህዋው በጀት በዓመት 5.4 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን ጠቅሶ፣ ይሄ እኮ አሜሪካኖች በየዓመቱ ለሲጋራ ከሚያወጡት ያንሳል ብሎ አስረዳ። ንጽጽሩን አያችሁት? ከሲጋራ ጋር አስተያየው። ከዳቦ ጋር አላስተያየውም፣ ከሚሳኤል ጋርም አላስተያየውም። ፖለቲከኛ የሚያነጻጽርበትን ዕቃ ሲመርጥ መልሱንም አብሮ መርጧል። ተማሪዎቼ፣ ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ቁጥር። በ1966 ናሳ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት 4.4 በመቶ ያህል ወሰደ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል አግኝቶ አያውቅም። በዚያው ዓመት መከላከያው ከ40 በመቶ በላይ ወሰደ። ለህዋ አንድ ዶላር ሲወጣ ለጦር አሥር ዶላር ይወጣ ነበር ማለት ነው። የአፖሎ ፕሮግራም በጠቅላላው 25 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ፈጀ። የቬትናም ጦርነት ወታደራዊ ወጪ ብቻውን በጊዜው ዶላር 111 ቢሊዮን ይገመታል፤ ከአራት እጥፍ በላይ። አፖሎ 12 ሰዎች ጨረቃ ላይ አውርዶ በሰላም መለሰ። ቬትናም ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ቀበረች፤ የቬትናማውያኑ ደግሞ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ሕዝቡ የተቆጣው በማን ላይ ነው? በቬትናምም ተቆጥቷል፣ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። «ዳቦ ሳይኖር» የሚለው ጥያቄ ግን ይበልጥ የሚወረወረው ወደ ጨረቃዋ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ወዳጅና ተተኪ ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድሃ ቤተሰቦችን አስከትሎ፣ በበቅሎ የሚጎተት ጋሪ ይዞ ማስወንጨፊያው ደጃፍ ደረሰ። የናሳው ኃላፊ ቶማስ ፔን ወጥቶ ሜዳ ላይ አነጋገረው። ፔን ያለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ የማስነሻዋን ቁልፍ ባለመጫን የአሜሪካን ድህነት ማጥፋት ቢቻል ኖሮ አንጫናትም ነበር። ከዚያ ለጠፈርተኞቹ እንዲጸልዩላቸው ለመናቸው፤ አበርናቲም ጸለየ። ፔን ከቤተሰቦቹ የተወሰኑት በማግስቱ ማስወንጨፉን በእንግድነት እንዲያዩ አደረገ። ጨረቃ የተረገጠችው በእኛ ሰዓት ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ገደማ ነው።

ሁለቱም ሰዎች እውነት ተናግረዋል ብዬ አምናለሁ። አበርናቲ ልጆች እየተራቡ ነው አለ፤ እውነቱን ነው። ፔንም እኛ ብንቀር እነሱ አይጠግቡም አለ፤ እሱም እውነቱን ነው። አፖሎ 20 በ1970 ጥር፣ አፖሎ 18 እና 19 በዚያው ዓመት መስከረም ተሰረዙ። በ1972 ታህሳስ አፖሎ 17 ከተመለሰ በኋላ ጨረቃን የረገጠ ሰው የለም። በ1975 የናሳ ድርሻ ወደ አንድ በመቶ ወርዶ ነበር። የአበርናቲ ጋሪ ላይ የነበሩት ልጆች ግን ከዚያ የተረፈ ብር ቤታቸው አልደረሰም።

ለምን? አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ገባን። ሳነብ ቆይቼ ያገኘሁትና «ለካ እንዲህ ነው!» ያስባለኝ ነገር ይሄ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በጀት የሚያጸድቀው በንዑስ ኮሚቴዎች ከፋፍሎ ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2004 ድረስ፣ ለ30 ዓመት ያህል፣ የናሳ በጀት የሚታየው ከቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በጀት ጋር በአንድ ንዑስ ኮሚቴ ሥር ነበር። መከላከያ ደግሞ የራሱ ንዑስ ኮሚቴ አለው። ገባችሁ? ለሁሉም አንድ የተወሰነ ገበታ ቀርቧል። ለህዋው አንድ ጉርሻ ከተጨመረ ከድሆቹ ቤት ይቀነሳል፤ ለድሆቹ ቤት ከተጨመረ ከህዋው ይቀነሳል። ጦሩ የሚበላው በሌላ እልፍኝ፣ በሌላ ገበታ ነው፤ በሩም ተዘግቷል። ዳቦና ሳተላይት የሚጣሉት ጠላት ስለሆኑ አይደለም። አንድ ገበታ ላይ ስላስቀመጧቸው ነው። የ17 ዓመት ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና የጠየቀችው ስለዚያ ስለተዘጋው እልፍኝ ነበር።

የጨረቃውን ሰዎች ወገን የያዝኩ እንዳይመስላችሁ፣ ሌላ ታሪክ ልጨምር። በ1970 ዛምቢያ ውስጥ የምታገለግል ሜሪ ጁኩንዳ የምትባል መነኩሲት ለናሳው ሳይንቲስት ለኤርነስት ሽቱሊንገር ደብዳቤ ጻፈችለት። ሕፃናት እየተራቡ እንዴት ቢሊዮን ዶላር ለህዋ ይወጣል አለችው። ረጅም መልስ ጻፈላት። በመልሱ ውስጥ ስለ አንድ ደግ መስፍን ይተርክላታል፦ ድሆችን የሚረዳ መስፍን ነበር፤ መስታወት እየሞረደ ትንንሽ ነገር የሚያይበት ዕቃ የሚሠራ አንድ ሰው አገኘና አስጠጋው፣ ሕዝቡም ለድሃ የሚሆነውን ገንዘብ በማይረባ ነገር ታባክናለህ ብሎ ተቆጣው፤ ኋላ ግን ከዚያ ሥራ ማይክሮስኮፕ ተወለደ፣ ማይክሮስኮፕም ስንቱን በሽተኛ አዳነ። አፖሎ 8 ከጨረቃ ማዶ ያነሳትን የምድር ፎቶም አብሮ ላከላት። ደብዳቤው ውብ ነው፤ እስከ ዛሬ በየቦታው ይጠቀሳል። ግን ሽቱሊንገር ራሱ በጀርመን ሳለ ከፎን ብራውን ጋር ቪ-2 ላይ የሠራ ሰው ነው። ሲሳካ ማይክሮስኮፕ፣ ሳይሳካ ለንደን ላይ የሚወርድ እሳት። ዕውቀቱ አንድ ነው። ማን ይክፈልበት፣ ለምን ሥራ ይዋል የሚለው ነው ልዩነቱ።

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው የምትሉ አላችሁ አይደል? ቆዩኝ። በዚያው ዘመን ከትላልቆቹ የህዋ ጆሮዎች አንዱ የተተከለው አስመራ ነበር። ቃኘው ጣቢያ። ወላጆቻችን ያስታውሱታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካኖች ቃኘው ላይ ሁለት ግዙፍ አንቴናዎች አቆሙ፤ ትልቁ ወርዱ 150 ጫማ፣ ትንሹ 85 ጫማ። ሥራቸው የሶቪየት መንኮራኩሮች ከጨረቃና ከፕላኔቶች አካባቢ ወደ ምድር የሚልኩትን ምልክት መጥለፍ ነው። አስመራ የተመረጠችው ሶቪየቶቹ መንኮራኩሮቻቸውን ከሚያዙበት ከክራይሚያ ብዙም በማይርቅ ኬንትሮስ ላይ ስላለች ነው፤ እነሱ ሲያናግሩ እኛ ዘንድም ይሰማል። ታዲያ ለዚህ መሬት የከፈሉን በምንድን ነው? በ1953 ከተፈረመው ስምምነት ጀምሮ ዋናው ክፍያ የጦር መሣሪያና የወታደር ሥልጠና ነበር። ኢትዮጵያ ለዓመታት ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከፍተኛውን የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ተቀባይ ሆነች። በደጃችን ከጨረቃ የሚመጣ ድምፅ ይሰማል፣ ለእኛ የሚደርሰን ጠመንጃ ነው። ያ ጠመንጃ በኋላ ማን ላይ ተተኮሰ የሚለውን ለእናንተ ልተወው።

ደግሞ ሌላኛው ገጽ። በ1972 ሐምሌ ላንድሳት የተባለችው የመጀመሪያዋ የመሬት ሀብት ሳተላይት ወጣች። አፖሎ ሲሰረዝ እንደ ምንም ተርፋ የወጣች ናት ብትሉ አትሳሳቱም። እሷና ተከታዮቿ ከላይ ሆነው የቱ ማሳ እንደለመለመ፣ የቱ እንደደረቀ ይለያሉ። በ1977 ዓ.ም. የእኛ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካኖች የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋሙ፤ ሳተላይት የሚያየውን ልምላሜና የዝናብ መጠን ከገበያ ዋጋ ጋር እያገናኘ «እዚህ ቦታ ከጥቂት ወራት በኋላ ረሃብ ይገባል» የሚል። ያ ሥርዓት የተወለደው በከፊል በእኛ ሬሳ ላይ ነው። ታዲያ የአሜሪካ መንግሥት በ2025 መጀመሪያ የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ከመጀመሪያዎቹ ከተዘጉት አንዱ ይሄው ሆነ፤ ድረ ገጹ ለወራት ጠፋ። በዚያ ዓመት የዚያ አገር የመከላከያ በጀት ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ግን ሐቀኛ እንሁን። በ1977 የጎደለን ሳተላይት ብቻ ነበር? አይደለም። የራሳችን የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1976 መጋቢት ላይ ለዓለም አቤት ብሎ ነበር። የሚያይ ዓይን ነበረን። መንግሥት ግን በአንድ እጁ ጦርነት፣ በሌላ እጁ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ይዞ ነበር። መስከረም ላይ አዲስ አበባ በባንዲራና በመብራት ስታሸበርቅ ወሎና ትግራይ ላይ ሰው በመንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ሳተላይት ያድነናል ብዬ አልሰብክም። ሳተላይት ያሳያል። አይቶ ገንዘቡን ወዴት እንደሚልክ የሚወስነው ሰው ነው።

አንድ ልጨምርና ወደ ማጠቃለያ። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት መሥሪያ ቤት ናሳን ጠርቶ «ሁለት የማንፈልጋቸው ቴሌስኮፖች መጋዘን ውስጥ አሉን፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱ» አለው። መስታወታቸው 2.4 ሜትር፤ ልክ እንደ ታዋቂው ሃብል! ናሳ አንዷን ሃብልን ለመሥራት ስንት ዓመት ለምኗል፣ ስንት ጊዜ በጀቱ ተቀንሶበታል። እነዚያ ደግሞ ሁለት ተርፏቸው መጋዘን አስቀምጠዋል። የተዘጋው እልፍኝ በሩ ለአንድ አፍታ ሲከፈት የታየው ይሄ ነው።

«ከጦሩም እኮ ጥሩ ነገር ወጥቷል» የሚል አለ። ልክ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ የወታደር ሥራ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይቱ በ1978 የወጣች። በ1983 የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገድ ስቶ ሶቪየት ግዛት ገብቶ ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ነው ለሲቪሉም ይሰጣል የተባለው። ጠርቶ እንዲሠራልን የተለቀቀው ደግሞ በ2000 ነው። ይሄ ጥቅሙን ያሳያል፤ ደግሞም በሩ ካልተከፈተ በውስጥ ያለው ሁሉ ለሕዝብ እንደማይሆን ያሳያል።

ወደ እኛዋ ሳተላይት ልመለስ። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ 6 ሚሊዮኑን ቻይና ሸፈነች ተብሏል። የዛሬ አንድ ኤፍ-35 ተዋጊ ጄት ብቻውን 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ አሥር እንደ እሷ ያለች ሳተላይት። በ2024 ዓለም በጠቅላላ ለጦር ያወጣችው 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ነው። ያን ሰሞን ክፍላችን ውስጥ ስለ 8 ሚሊዮኑ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተጨቃጨቅን። ስለ ሌላው አንድ ሰው ብቻ ጠየቀ፤ እሷንም እኔ ዝም አሰኘኋት።

ባለፈው ሰኞ ያንኑ ጥያቄ ለዘንድሮዎቹ 11ኛ ክፍሎች ሰጠኋቸው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ዳቦ፣ ሳተላይት፣ ጥይት። አንድ ልጅ ተነስቶ «ቲቸር፣ ጦር ከሌለ ዳቦውንም ሳተላይቱንም ማን ይጠብቅልናል? እርስዎ ራስዎ አድዋን ሲያስተምሩን ምኒልክ ጠመንጃ ባይገዙ ኖሮ አላሉም?» አለኝ። ብያለሁ። አልክድም። አድዋን የሚያስተምር ሰው ጠመንጃ ጥቅም የለውም ማለት አይችልም። «ታዲያ ሦስተኛውን ዓምድ ላጥፋው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «አይ፣ ይቆይ። ግን እንደ ሌሎቹ እሱም ይጠየቅ» አለ።

አንቺ የኋላ ወንበሯ ልጄ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ጥይቱ ይቅር ማለት ቀላል ነው፤ እኔም አንቺም በየትኛው አገር እንደምንኖር እናውቃለን። ግን ዳቦው «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መድኃኒቱ ሲጠየቅ፣ ሳተላይቷ ስትጠየቅ፣ እሱ ብቻ ሳይጠየቅ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። ፈተና ላይ አይመጣም ያልኩሽን ይቅር በይኝ። ዘንድሮ እኔ ባወጣሁት ፈተና ላይ አምስት ነጥብ ይዞ መጥቷል።

የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ ስድብ ብቻ አይሁን። ያን ቀን ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ደግሞ ከየትኛው ወገን እንደነበራችሁ ንገሩኝ፣ አንዳንዶቻችሁን አስታውሳለሁ። መልካም ሳምንት።